የአይጥ ታይመስ ሴሎችን በሕይወት ለይቶ ማውጣት፦ ዝርዝር የላቦራቶሪ መመሪያ

ከአይጥ ታይመስ (ቲ ሴሎች ከሚበስሉበት የደረት ዕጢ) ሴል ማውጣት ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ ዕጢው ለስላሳ ነው፣ ኢንዛይም አይፈልግም፣ ደረት ከመክፈት እስከ ቆጠራ ድረስ ያለው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ደጋግሞ ይበላሻል፤ ምክንያቱም በዕጢው ውስጥ ካሉት ሴሎች 80 በመቶ ያህሉ ሲዲ4 እና ሲዲ8 የተባሉትን የሴል ገጽ ምልክቶች በአንድነት የተሸከሙ፣ በተፈጥሯቸው ለሞት የቀረቡ ያልበሰሉ ሴሎች ናቸው። ሙቀት፣ መዘግየት፣ ሻካራ እጅ፣ ሌላው ቀርቶ እንስሳው ከቀናት በፊት የደረሰበት ጭንቀት በመጀመሪያ የሚገድለው እነዚህን ድርብ አዎንታዊ ሴሎች ነው። በአያያዝ ጉድለት የጠፋው ሴል ኋላ በውጤት ሠንጠረዥ ላይ የመድኃኒቱ ወይም የጂኑ ለውጥ ያመጣው መስሎ ይቀመጣል።

መመሪያው የተዘጋጀው ዕድሜው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ለሆነ የሲ57 ብላክ 6 ዝርያ አይጥ ነው። ሥራው በሚገባ ከተሠራ ከአንድ ዕጢ ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ሴል ይገኛል፤ ከዚህም ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕያው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ሁልጊዜ አብረው ይመልከቱ። የሞተ ሴል ፈርሶ ከእጥበት ፈሳሹ ጋር ስለሚደፋ፣ ግማሽ ሴሉን ያጣ ናሙና እንኳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ 96 በመቶ ሕያው ሊባል ይችላል።

1. እንስሳቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት

የተቋምዎ የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው ፕሮቶኮል በእጅዎ ከሌለ ሥራውን አይጀምሩ። እንስሳውን የሚገድለው ሰው በዚሁ የሠለጠነ መሆን አለበት።

ዕድሜንና ጾታን ያመሳስሉ። ታይመስ ከጉርምስና በኋላ እየኮሰሰ ስለሚሄድ የ6 ሳምንት አይጥን ከ16 ሳምንት አይጥ ጋር ማነጻጸር ከመነሻው ስህተት ነው። በእርግዝናም ወቅት ዕጢው በጣም ስለሚቀንስ እርጉዝ አይጥ አይጠቀሙ።

ከሌላ ቦታ የመጡ እንስሳት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቦታውን እንዲለምዱ ያድርጉ። ጉዞ፣ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ጥገና እና በአንድ ጎጆ ባሉ ወንዶች መካከል የሚደረግ ድብድብ ኮርቲኮስቴሮን የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህም ሆርሞን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ድርብ አዎንታዊ ሴሎችን በብዛት ይጨርሳል። ጀርባው ወይም ጭራው ላይ የንክሻ ቁስል ያለበትን አይጥ ከሙከራው ያውጡ። የሆርሞኑ መጠን በቀኑ ሰዓት ስለሚለዋወጥም ሁሉንም ናሙናዎች በተቀራራቢ ሰዓት ይሰብስቡ፤ የሙከራና የማነጻጸሪያ እንስሳትንም እያፈራረቁ ይሥሩ እንጂ አንዱን ቡድን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ አያድርጉ።

2. ፈሳሾችንና ዕቃዎችን ማሰናዳት

እንስሳው ከመገደሉ በፊት ሁሉም ነገር በበረዶ ላይ ተደርድሮ ማለቅ አለበት።

የመሰብሰቢያ ፈሳሽ። 500 ሚሊሊትር ለመሥራት ካልሲየምና ማግኒዥየም የሌለበት 488 ሚሊሊትር ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ፈሳሽ)፣ 10 ሚሊሊትር የጥጃ ፅንስ ሴረም እና 2 ሚሊሊትር ባለ 0.5 ሞላር ኢዲቲኤ ይቀላቅሉ፤ ይህ 2 በመቶ ሴረምና 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ይሰጥዎታል። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አጥልለው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስቀምጡ። ፒቢኤስን ብቻውን፣ ያለ ሴረም፣ ለመሰብሰቢያ አይጠቀሙ፤ ፕሮቲን በሌለበት ፈሳሽ ሴሎቹ ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃሉ፣ ቶሎም ይሞታሉ።

የዲኤንኤዝ ፈሳሽ። ካልሲየምና ማግኒዥየም ባለበት የሃንክስ ጨው ውስጥ 2 በመቶ ሴረምና በአንድ ሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ዲኤንኤዝ አንድ (ዲኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ይጨምሩ። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ኢዲቲኤ ፈጽሞ አይግባ፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው በማግኒዥየምና በካልሲየም ነው፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ሁለቱንም ይይዝበታል። ብዙዎች ዲኤንኤዙን በቀጥታ ወደ መሰብሰቢያው ፈሳሽ ይጨምሩና “አልሠራልኝም” ይላሉ።

የማሳደጊያ ፈሳሽ። አርፒኤምአይ 1640፣ 10 በመቶ ሴረም፣ 2 ሚሊሞላር ግሉታሚን፣ 10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ 50 ማይክሮሞላር ቤታ መርካፕቶኢታኖል፣ በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ፔኒሲሊንና 100 ማይክሮግራም ስትሬፕቶማይሲን። ቤታ መርካፕቶኢታኖል መርዛማ ስለሆነ ጠርሙሱን የጭስ መሳቢያ ባለው ካቢኔት ውስጥ ብቻ ይክፈቱ። ሄፔሱን “ለዛሬ ይቅር” አይበሉ፤ የአርፒኤምአይ የአሲድ ሚዛን የተሠራው ለኢንኩቤተር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ በዚያ ውስጥ የቆየ ሴል ተጎድቷል።

ከዕቃ በኩል ለቆዳ አንድ፣ ለውስጥ ሌላ መቀስ፣ ጫፉ ቀጥ ያለና የታጠፈ ሁለት ቀጭን መቆንጠጫ፣ ባለ 70 እና ባለ 40 ማይክሮን የሴል ማጣሪያ፣ የ60 ሚሊሜትር ፔትሪ ዲሽ፣ የ5 ሚሊሊትር ስሪንጅ መግፊያ፣ የ15 እና የ50 ሚሊሊትር ቱቦ፣ ንጹሕ ጎዝና 70 በመቶ አልኮል ያስፈልጋሉ። ሴሎቹ ወደ ኢንኩቤተር የሚገቡ ከሆነ መሣሪያዎቹ ሁሉ የተቀቀሉና ከጀርም የነጹ ይሁኑ፤ ከ5ኛው ደረጃ ጀምሮ ያለውንም ሥራ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ያከናውኑ።

ሴንትሪፊውጁን ቀደም ብለው ወደ 4 ዲግሪ ያውርዱት። በዚህ መመሪያ የተጻፈው ፍጥነት የመሬት ስበት እጥፍ እንጂ የደቂቃ ዙር አይደለም፤ የክበቡ ራዲየስ 16 ሴንቲሜትር በሆነ ማሽን 300 እጥፍ ስበት ማለት በደቂቃ 1300 ዙር ያህል ነው፣ ራዲየሱ ሲለያይ ዙሩም ይለያያል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠሩ ከሆነ የማሽኑን ባልዲዎች በፍሪጅ ያሳድሯቸው፤ ማሽኑ ራሱ ባይቀዘቅዝ እንኳ ለ5 ደቂቃ ሽክርክሪት የባልዲዎቹ ቅዝቃዜ ይበቃል።

3. እንስሳውን መግደልና ደሙን መቀነስ

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ፣ በየደቂቃው የሣጥኑን ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ በሚተካ ፍሰት ቀስ በቀስ ያስገቡ፤ ትንፋሹ ካቆመም በኋላ ፕሮቶኮሉ በሚፈቅደው ሁለተኛ ዘዴ ሞቱን ያረጋግጡ። አንገት መስበር ፈጣን ቢሆንም በአንገትና በላይኛው ደረት ደም ስለሚያፈስ ዕጢው ብዙ ጊዜ በደም ተለውሶ ይገኛል። ሁለተኛው ዘዴ ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ደም ማፍሰስን ይምረጡ፦ ሆድን ከፍተው በኩላሊት አካባቢ ያለውን ትልቁን የደም ሥር ይቁረጡና ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲወርድ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። በኋላ ቀይ የደም ሴል ለማፍረስ ከሚደረገው ትግል ይህ አንድ ደቂቃ ይሻላል።

ከሞት እስከ በረዶ ያለው ጊዜ ከ10 ደቂቃ እንዳያልፍ፤ ብዙ እንስሳ ካለ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይግደሉ።

4. ዕጢውን ማውጣት

ሀ. አይጡን በጀርባው አስተኝተው እግሮቹን በስፒል ያስሩ። ፀጉር ወደ ናሙናው እንዳይገባ ሆዱንና ደረቱን በአልኮል በደንብ ያርጥቡ።

ለ. ቆዳውን ከሆድ እስከ አገጭ መሐል ለመሐል ቀድደው ወደ ጎን ይግለጡት። መቀስ ይቀይሩ።

ሐ. የደረት አጥንቱን የታችኛውን ጫፍ በመቆንጠጫ ይዘው ወደ ላይ ያንሡ፣ ድያፍራሙንም ከጎድን አጥንቶቹ ጋር ከተያያዘበት ይቁረጡ። ሳንባው ወዲያው ይሰበሰባል።

መ. የጎድን አጥንቶቹን በግራና በቀኝ፣ ከደረት አጥንቱ ራቅ ብለው፣ ወደ አንገት አቅጣጫ ይቁረጡ። ከደረት አጥንቱ ጎንና ጎን የሚሄዱ የደም ሥሮች ስላሉ ወደ መሐል ከተጠጉ ደም ይሞላብዎታል። የመቀሱን ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ አጥንቱ ያቅኑ።

ሠ. የደረቱን ክዳን ወደ ጭንቅላቱ ይገልብጡት። ከልብ በላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰሉ ሁለት ነጭ ቅጠሎች ይታያሉ፤ ታይመሱ ይኸው ነው። አንዳንድ ጊዜ ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚነሣ፣ በቦታው ካላዩት የደረት አጥንቱን የውስጥ ገጽ ይመልከቱ።

ረ. የታጠፈውን መቆንጠጫ ጨምቀው ሳይዙ ከቅጠሉ ሥር አስገብተው ከታች ወደ ላይ በዝግታ ያንሡት። ቅጠሉን መሐሉ ላይ አይንከሱት፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ሴሎቹ ደረት ውስጥ ይፈስሳሉ፣ ቆጠራውም ያለ ምክንያት ዝቅ ይላል። አንዱ ቅጠል ከሌላው በፊት ከወጣ ችግር የለውም፣ ሁለቱም መውጣታቸውን ግን ያረጋግጡ።

ደረቱ በደም ከተሞላ ጎዝ ያስገቡና ደሙን ይምጠጡ፤ በመቀስ እየፈለጉ አይቆፍሩ። ያወጡት ነገር ታይመስ ይሁን ስብ ከተጠራጠሩ ወደ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ይጣሉት፦ ስብ ቢጫ ወጣ ያለና ተንሳፋፊ ነው፣ ታይመስ ይሰጥማል።

5. ማጽዳት

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ከታይመሱ አጠገብ ትናንሽ፣ ክብ፣ ከቅጠሉ ይልቅ ጠጠር ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይገኛሉ። በውስጣቸው የበሰሉ ቲ እና ቢ ሴሎች ስላሉ፣ አንዲቷ ብቻ ብትገባ የነጠላ አዎንታዊ ሴሎችን (ሲዲ4ን ብቻ ወይም ሲዲ8ን ብቻ የያዙትን) ቁጥር ታዛባለች። ዕጢውን 3 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ የመሰብሰቢያ ፈሳሽ ባለበት ፔትሪ ዲሽ ያስቀምጡ፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያድርጉ፣ ከተቻለም በትንሽ ማጉያ እያዩ የሊምፍ ዕጢዎቹን፣ ስቡንና የደም ቅንጣቱን በሁለት መቆንጠጫ ይንቀሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ዲሽ አሸጋግረው አንድ ጊዜ ያለቅልቁት።

ዕጢው እንዲመዘን ከተፈለገ አሁን ነው፤ በጎዝ ጠርዝ ውኃውን አስነክተው በፍጥነት ይመዝኑና ወደ በረዶው ይመልሱት።

6. ወደ ነጠላ ሴል መበተን

ባለ 70 ማይክሮኑን ማጣሪያ 5 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ባለበት ዲሽ ውስጥ ያስቀምጡ፤ መረቡ በፈሳሹ መሸፈን አለበት። ሁለቱን ቅጠሎች መረቡ ላይ አድርገው በየቅጠሉ ሽፋን ላይ ሁለት ሦስት ቦታ በመቀስ ይቅደዱ። ከዚያም በስሪንጅ መግፊያው የጎማ ጫፍ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይጫኑ። ወዲያው ወተት የመሰለ ደመና ወደ ታች ይወርዳል። ይጫኑ እንጂ አይፈግፍጉ፤ ማሸት የሴሉን ሽፋን ይቀድዳል። ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላ መረቡ ላይ የሚቀረው ስስ ነጭ ክር የማያያዣ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ እሱን ለማሳለፍ የሚደረገው ጥረት ሙት ሴልና ዲኤንኤ ከመጨመር በቀር አያተርፍም።

መረቡን በ5 ሚሊሊትር ፈሳሽ ያጥቡና ሁሉንም በባለ 40 ማይክሮን ማጣሪያ ወደ 50 ሚሊሊትር ቱቦ ያሳልፉ። ሰፊ አፍ ያለው የ5 ወይም የ10 ሚሊሊትር ፒፔት ይጠቀሙ፤ አረፋም አያስነሡ።

ንፍጥ የመሰለ ክር ከታየ፣ ከሞቱ ሴሎች የወጣ ዲኤንኤ ነው። ፒፔት ደጋግሞ መሳብና መልቀቅ ነገሩን ያባብሰዋል። ክሩ ትንሽ ከሆነ በፒፔት ጫፍ ጠቅልለው ያውጡት። ሴሉ ሁሉ የተጓጎለ ከሆነ ግን በ300 እጥፍ ስበት ለ5 ደቂቃ ያሽከርክሩ፣ ኢዲቲኤ ያለበትን ፈሳሽ በሙሉ ይድፉ፣ ዝቃጩን በዲኤንኤዝ ፈሳሽ አሟሙተው በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያም እንደገና ያጣሩና በመሰብሰቢያው ፈሳሽ ያጥቡ። የሞቱት አይመለሱም፤ ሕያዋኑን ግን ከጓጎሉ ያስለቅቃል።

የሚፈለገው የዕጢው ኤፒተልየም ወይም ደንድሪቲክ ሴል ከሆነ ይህ ዘዴ አይሆንም። እነርሱ ከማያያዣው ጋር ተጣብቀው መረቡ ላይ ይቀራሉና ኮላጀኔዝና ዲኤንኤዝ በ37 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዳንድ ኢንዛይሞች ደግሞ የሴሉን የላይ ምልክቶች ስለሚቆርጡ ለታይሞሳይት (በታይመስ ውስጥ ለሚበስለው ቲ ሴል) ናሙና ያንን መንገድ አይዋሱ።

7. ማጠብ

በ300 እጥፍ ስበት፣ በ4 ዲግሪ፣ ለ5 ደቂቃ ያሽከርክሩ። ፈሳሹን ይድፉ፤ አዲስ ፈሳሽ ከመጨመርዎ በፊት የቱቦውን ግርጌ በጣት መታ መታ አድርገው ዝቃጩን ያላሉት። በ10 ሚሊሊትር አሟሙተው አንድ ጊዜ ይድገሙ። ዝቃጩ ልል ሆኖ ከፈሳሹ ጋር ሊሄድ ካለ ወደ 400 እጥፍ ይውጡ እንጂ ደቂቃውን አያብዙ።

ዝቃጩ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሰውን የአሞኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ይተዉት። ሁሉንም ናሙና በልማድ በዚህ ፈሳሽ ማሳለፍ ከጣፊያ ሥራ የተወረሰ ነው፤ ለታይመስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ደማቅ ቀይ ከሆነ ብቻ 1 ሚሊሊትር ጨምረው በክፍል ሙቀት ከአንድ ደቂቃ ሳያስበልጡ 10 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ያፍስሱበትና ያሽከርክሩ። አንዱን ናሙና በዚህ ካሳለፉ የሚነጻጸሩትንም ሁሉ ያሳልፉ።

8. መቁጠር

ሴሉን በ10 ሚሊሊትር ያሟሙ። ከዚህ 10 ማይክሮሊትር ወስደው በ90 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ያቅጥኑ፣ ከቀጠነውም 10 ማይክሮሊትሩን ከ10 ማይክሮሊትር 0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ ጋር ቀላቅለው በቆጠራ ሰሌዳው ላይ ያድርጉ። ቀለሙ ራሱ ሴል ስለሚገድል ከ5 ደቂቃ በፊት ቆጥረው ይጨርሱ።

በአራቱ የማዕዘን ካሬዎች 260 ሕያውና 8 ሰማያዊ ሴል ቆጠሩ እንበል። አማካዩ በካሬ 65 ነው፤ 65 በ20 እጥፍ ማቅጠኛ፣ ከዚያም በ10,000 ሲባዛ በሚሊሊትር 13 ሚሊዮን፣ በ10 ሚሊሊትር ደግሞ 130 ሚሊዮን ሴል ይሆናል። ሕያው የሆነው 260 ለ268 ሲካፈል 97 በመቶ ነው። አውቶማቲክ መቁጠሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ የመጠን ወሰኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ታይሞሳይት ትንሽ ሴል ስለሆነ ለሌላ ሴል የተስተካከለ ማሽን እንደ ብናኝ ይጥለዋል።

9. በፍሎው ሳይቶሜትሪ ማረጋገጥ

ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተቀቡ ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚያነብ ማሽን ይሠራል። አንድ ሚሊዮን ሴል በ100 ማይክሮሊትር ይውሰዱ። በመጀመሪያ ፀረ እንግዳ አካላት ያለ ቦታቸው የሚጣበቁባቸውን ሲዲ16ንና ሲዲ32ን የሚዘጋውን ፀረ እንግዳ አካል ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ የሲዲ4፣ የሲዲ8፣ የቲሲአር ቤታ (የቲ ሴል ተቀባይ) እና የሲዲ19 (የቢ ሴል ምልክት) ፀረ እንግዳ አካላትን በ4 ዲግሪ፣ በጨለማ፣ ለ20 ደቂቃ ይጨምሩ። አጥበው፣ ማሽኑ ላይ ሊያስነብቡ ሲሉ የሞተ ሴልን የሚቀባውን ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ወይም 7 ኤኤዲ ይጨምሩ። ሴሎቹ በፎርማልዲሃይድ ባሉበት እንዲጸኑ የሚደረጉ ከሆነ እነዚህ ሁለት ቀለሞች አያገለግሉም፤ ከፕሮቲን ጋር የሚተሳሰር የሙት ሴል ቀለም ይጠቀሙ፣ እሱንም ሴረም በሌለበት ፒቢኤስ ይቀቡ።

ጤናማ በሆነ ወጣት አይጥ ድርብ አዎንታዊው ከ80 እስከ 85 በመቶ፣ ሲዲ4 ብቻ ያለው 10 በመቶ ገደማ፣ ሲዲ8 ብቻ ያለው ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ሁለቱንም ያልያዘው ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። ጥንድ ሆነው የተጣበቁ ሴሎችን ሳያስወግዱ ወደዚህ ሠንጠረዥ አይሂዱ፤ ከሲዲ8 ሴል ጋር የተጣበቀ የሲዲ4 ሴል ለማሽኑ ድርብ አዎንታዊ ነው። በመሞት ላይ ያለ ሴልን የሚያሳየውን አኔክሲን አምስት የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ኢዲቲኤውን አስቀድመው አጥበው ያስወግዱ፤ ያለ ካልሲየም አይያያዝም፣ የሞተውም ሁሉ ሕያው ይመስላል።

10. ማቆየትና ማሳደግ

ሴሎቹን በበረዶ ላይ፣ በሚሊሊትር ከ10 ሚሊዮን ባልበለጠ መጠን ያቆዩና በዚያው ቀን ይጠቀሙ። ወደ 37 ዲግሪ የገባ ድርብ አዎንታዊ ሴል ምንም ሳይደረግበት በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛት ይሞታል፤ ይህ የእጅ ስህተት አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም የሞት ሙከራ የዜሮ ሰዓት ናሙናና መድኃኒት ያልነካው የ37 ዲግሪ ናሙና ሁለቱንም ሊኖሩት ይገባል።

ሲበላሽ

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የድርብ አዎንታዊው መቶኛ ትክክል ከሆነ፣ ሴል የፈሰሰው በእጅዎ ነው፦ ሽፋኑ ደረት ውስጥ ተቀድዷል፣ አንድ ቅጠል ቀርቷል፣ ወይም ዝቃጭ ተደፍቷል።

ቁጥሩም ዝቅ ብሎ የድርብ አዎንታዊውም መቶኛ ከወረደ፣ ስህተቱን በጠረጴዛው ላይ ብቻ አይፈልጉ። ወደ እንስሳት ክፍሉ ይሂዱና ጎጆው መቼ እንደተቀየረ፣ እንስሳቱ መቼ እንደደረሱ፣ የታመመ እንዳለ ይጠይቁ።

ሲዲ19 ያላቸው ሴሎች ከ1 በመቶ በላይ ከሆኑ ደም ወይም የሊምፍ ዕጢ ገብቷል። የቀዩ ደም መጠን አነስተኛ ሆኖ ሳለ ሲዲ19 ከፍ ካለ፣ የገባው የሊምፍ ዕጢ ነው፤ 5ኛውን ደረጃ በማጉያ ይድገሙ።

የድርብ አዎንታዊው ሕዝብ ከማሽኑ ማሳያ ጨርሶ ከጠፋና በቆጠራ ሰሌዳው ላይ ግን ሴሉ ሞልቶ ከታየ፣ ናሙናውን አይጣሉ፤ የሴልን መጠን የሚያሳየው የማሽኑ የፊት ብርሃን ወሰን ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል። ወሰኑን ዝቅ አድርገው ያንኑ ቱቦ እንደገና ያስነብቡ።